በሰው አገር የተጻፉ ማስታወሻዎችና የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ታሪክ

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘው የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ጭሮ፣ በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ እየተባለች ለረጅም ዘመን ስትጠራ ኖራለች። ስሙ ትርጓሜ አያሻውም፤ ከተማዋ ራስ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽ በነበሩበት ዘመን የታሰበችና የተቆረቆረች መሆኗን ያመለክታል። በዚያን ጊዜ የጨርጨር ግዛት ለሌሎች ምሳሌ የሚሆን አስተዳደር እንዲሞከርበት ተመርጦ ነበር። ለሥራው የተላኩት ሁለት ሰዎች ደግሞ አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ሁለቱም በልጅነታቸው ወደ ውጭ አገር ተወስደው በዚያ ተምረው ያደጉ፣ ኋላም ለመንግሥት ሥራ በሰው አገር የተቀመጡና ያዩትን የጻፉ ነበሩ። እነርሱም ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያምና አዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው።

ለሥራ የተላከ ሰው በሚኖርበት አገር የሚያየውን በጽሑፍ ማስቀመጡ በብዙዎች ዘንድ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ተደርጎ ይታያል። የጨርጨር ታሪክ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ስለ አካባቢው የቀድሞ አስተዳደርና ስለ ሁለቱ ሹማምንት አስተሳሰብ ዛሬ ከሚታወቀው ውስጥ ቀላል የማይባለው የተገኘው ከመዝገብ ቤት ፋይል ብቻ አይደለም፤ ግለሰቦቹ በየግላቸው ከጻፉት ማስታወሻ ጭምር ነው። ማስታወሻዎቹ የተጻፉበት መንገድ የተለያየ በመሆኑም የሚነግሩን ነገር አንድ ዓይነት አይደለም።

ሐኪም ወርቅነህ ከአገር የወጡበት ሁኔታ በራሳቸው ምርጫ የሆነ አልነበረም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሲያርፉ፣ ወርቅነህ የሦስት ወይም የአራት ዓመት ሕፃን ነበሩ። የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች ብቻቸውን አግኝተዋቸው ወደ ሕንድ ወሰዷቸው። ቻርለስ ማርቲን የሚለውን ስምም ያገኙት ካሳደጓቸው ሁለት ኮሎኔሎች ከቻምበርሌንና ከማርቲን ነው። በሕንድ በላሆር ሕክምና ተምረው፣ በስኮትላንድ ትምህርታቸውን አስፋፍተው፣ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በበርማ ሐኪም ሆነው አገልግለዋል።

ከዓድዋ ድል ጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ሲመጡ አማርኛ የማያውቁ፣ እንደ እንግዳ የሚታዩ ሰው ነበሩ። አያታቸው ወሬውን ሰምተው መጥተው፣ በልጅነታቸው ገላቸው ላይ የቀረውን ጠባሳ አይተው የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን አረጋገጡ። ሆኖም የእንግሊዝ መንግሥት ተቀጣሪ ስለ ነበሩ ወደ በርማ መመለስ ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1913 ደግሞ በአዲስ አበባ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ተመድበው ሠሩ። የትውልድ አገራቸው ለእርሳቸው የውጭ አገር የሥራ ምድብ ሆና ነበር ማለት ነው። ጠቅልለው የገቡት እ.ኤ.አ. በ1919 ነው።

ሐኪም ወርቅነህ ለአሥርተ ዓመታት የዕለት ማስታወሻቸውን በእንግሊዝኛ ይጽፉ ነበር። የታሪክ ተመራማሪው ፒተር ጋረትሰን እ.ኤ.አ. በ2012 ላሳተመው የሕይወት ታሪካቸው ዋናውን መሠረት ያገኘው ከዚሁ ማስታወሻ ነው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት በመጀመሪያ የመሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1927 በጣና ሐይቅ ላይ ሊሠራ ስለታሰበው ግድብ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተልከው ከፕሬዚዳንት ኩሊጅ ጋር የተገናኙት፣ በኒውዮርክ ሐርለም ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ የጋበዙት እኚሁ ሰው ናቸው። ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ1930 ጀምሮ፣ የጨርጨር ገዢ ሆነው አሰበ ተፈሪ ተቀመጡ። ያዩትን ለራሳቸው ብቻ አላስቀሩትም፤ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች በአማርኛ የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ አዘጋጅተዋል። ከአሰበ ተፈሪ ቀጥሎ የተላኩበት ሥራ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትርነት ሲሆን፣ በጣሊያን ወረራ ወቅት የአገራቸውን አቤቱታ ለእንግሊዝ ሕዝብ ሲያሰሙ የቆዩት በዚያው ከተማ ሆነው ነው። በእንግሊዝ አገር ይማሩ የነበሩት ልጆቻቸው ዮሴፍና ብንያም ግን ለመዋጋት ወደ አገራቸው መጥተው፣ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ በፋሺስቶች ተገድለዋል።

ፊታውራሪ ተክለሐዋርያት በአንጻሩ የጻፉት በሌላ መንገድ ነው። በራስ መኮንን ቤት ያደጉት ተክለሐዋርያት፣ በየካቲት 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ጦርነት ሲደረግ ገና ልጅ ነበሩ። ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ ተላኩ። በዚያም በአንድ ኮሎኔል ቤተሰብ ውስጥ አድገው የመድፈኛነት ወታደራዊ ትምህርት ተከታተሉ። ወደ አገር ከተመለሱ በኋላ ከያዟቸው ኃላፊነቶች የጅጅጋና የጨርጨር ገዢነት ይገኙበታል። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ደራሲ መሆናቸውም ይታወቃል። የ1923ቱን ሕገ መንግሥት በማርቀቅ ተካፍለዋል፤ የወልወል ግጭት ባስነሣው ክርክር ወቅትም በጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ኢትዮጵያን ወክለዋል። ጣሊያን አገሪቱን ሲይዝ ተሰድደው ለብዙ ዓመታት በማዳጋስካር ኖሩ። ከስደት ሲመለሱ ኑሯቸውን ያደረጉት በምዕራብ ሐረርጌ በሂርና፣ በእርሻ ሥራ ነው። የሕይወት ታሪካቸው ግን በመጽሐፍ የወጣው ካረፉ በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ አማካይነት ነው።

የሁለቱን ጽሑፎች ልዩነት ማስተዋል ይጠቅማል። የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊው ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ አያውቅም። ዛሬ ያመሰገነውን ሹም ነገ ይወቅሰዋል፤ ትንሽ የመሰለው ጉዳይ ከዓመት በኋላ ትልቅ ሆኖ ይገኛል። ይህም ለታሪክ ተመራማሪ ወርቅ ነው፤ ያልተስተካከለና ያልተዋበ ምስክርነት ነውና። በስተርጅና የሚጻፍ የሕይወት ታሪክ ደግሞ መጨረሻውን ከሚያውቅ ሰው ብዕር የሚወጣ ስለሆነ፣ ነገሮችን ያያይዛል፤ ምክንያትና ውጤት ይሰጣል፤ ሲነበብም ይጥማል። በአንጻሩ ቀኖች ይዛነፋሉ፤ ጸሐፊው የተከራከራቸው ሰዎች ሁሉ ተሸንፈው ይገኛሉ። ተክለሐዋርያትም ስለ ዘመናቸው ሰዎች ሲፈርዱ የማይሳሱ ጸሐፊ ናቸው። አንባቢ ሁለቱን ዓይነት ጽሑፍ ጎን ለጎን ሲያነብ ነው አንዱ የዘለለውን ከሌላው የሚያገኘው።

በተልዕኮ ላይ ያለ ባለሥልጣን ለኅትመት ብሎ የሚጽፈው ሦስተኛ ዓይነት ጽሑፍም አለ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 ወደ ጃፓን በመልእክተኛነት ሄደው ሲመለሱ “ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን” የተሰኘውን መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. አሳትመዋል። የራስ ተፈሪን የ1916ቱን የአውሮፓ ጉዞም እንዲሁ በመጽሐፍ አውጥተዋል። የአገር እንግዳ የሆነ ሰው ስለ አስተናጋጁ መንግሥት በአደባባይ ሲጽፍ ብዕሩ በጨዋነት የታሰረ መሆኑ የታወቀ ነው። ቢሆንም ባቡሩን፣ ፋብሪካውንና ትምህርት ቤቱን ላላየ አንባቢ እነዚህ መጻሕፍት መስኮት ነበሩ።

ነገሩ በተቃራኒው አቅጣጫም ይሠራል። ጨርጨርን ራሷን የውጭ አገር የሥራ ቦታ አድርገው ያዩና የጻፉ ነበሩ። ከነዚህ አንዱ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ነው። ራምቦ ግጥም መጻፉን ትቶ ከእ.ኤ.አ. 1880 ጀምሮ በኤደንና በሐረር የንግድ ድርጅት ተቀጣሪ ሆኖ ሠርቷል። በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ ወደ ሸዋ መጣ፤ ንግዱ እንዳሰበው አልሆነለትም። የሚገባው ገንዘብ በሐረር ከደጃዝማች መኮንን እንዲከፈለው ስለታዘዘ፣ ጁል ቦሬሊ ከተባለ አገሩ ሰው ጋር ከእንጦጦ ተነሥቶ በጨርጨር በኩል ወደ ሐረር ተጓዘ። የጨለንቆ ጦርነት ከተደረገ ገና ጥቂት ወራት ብቻ ነበር።

ራምቦ መንገዱን ለቀድሞ አሠሪው ለአልፍሬድ ባርዴ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1887 በላከው ደብዳቤ ዘርዝሮታል። በደብዳቤው የገጣሚው ድምፅ አይሰማም። የዕለት ጉዞ በኪሎ ሜትር ተለክቷል፤ ውኃና ገበያ የሚገኝበት፣ የጦር ሰፈር ያለበት ተቆጥሯል። ሂርና ሲደርስ ግን በደን የተከበበውን ሸለቆ፣ የዛፉን ጥላና የቡናውን ተክል ሳያነሣ አላለፈም። የነጋዴ ደብዳቤ ስለሆነ ደረቅ ነው፤ በዚህም ምክንያት ሊታመን ይችላል። ዛሬ የሂርናን አካባቢ የሚያውቅ ሰው የዚያን ጊዜውን ደንና የአሁኑን የጫት ማሳ ለማነጻጸር ከዚህ ደብዳቤ የተሻለ መነሻ በቀላሉ አያገኝም።

ከእነዚህ ጽሑፎች ሁሉ የጎደለው የአካባቢው ሕዝብ ድምፅ ነው። ወርቅነህም ሆኑ ተክለሐዋርያት በጨርጨር የተሾሙ ገዢዎች ነበሩ፤ ራምቦ መንገደኛ ነበር። በዚያን ዘመን በኢቱ ኦሮሞ መንደር የነበረው ገበሬ ስለ አዲሱ ከተማ፣ ስለ ግብሩና ስለ መንገድ ሥራው ምን ያስብ እንደ ነበር በራሱ እጅ ጽፎ አላቆየም። የሚታወቀው በአፍ ከተላለፈው ነው፤ ያም ቢሆን አዋቂዎቹ ባረፉ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል።

ይህ ክፍተት ዛሬ በሌላ መልክ እንዳይደገም የሚያሰጋ ምክንያት አለ። ከሐረርጌና ከሌሎች የአገሪቱ አካባቢዎች ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች የሚሄዱት ወጣቶች ቁጥር ከቀድሞዎቹ መልእክተኞች ጋር አይወዳደርም። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ ዓረቢያ ብቻ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ተሰማሪው ቢያንስ የስምንተኛ ክፍል ትምህርት ያጠናቀቀ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። ማንበብና መጻፍ እንግዲህ የጥቂቶች ዕድል መሆኑ ቀርቷል። በሰው ቤት ስለሚውል የቤት ሠራተኛ፣ በበረሃ ግመል ስለሚጠብቅ እረኛ፣ በሕንፃ ሥራ ላይ ስለሚደክም ወጣት የሚነገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ሰው አፍ ነው፤ በዘገባ፣ በአቤቱታ ወይም በሐዘን ጊዜ።

ለመጻፍ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ሰው ወደ ሌላ አገር በገባ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም ነገር ያስገርመዋል፤ የዳቦው ዋጋ፣ የአዛኑና የገበያው ሰዓት፣ የአሠሪዎቹ አመጋገብ፣ አንድን ነገር እንቢ ለማለት የሚጠቀሙበት ቃል። ወራት ሲያልፉ ይለምደዋል፤ የለመደውን ነገር ደግሞ መጻፍ ትዝ አይለውም። ስለዚህ ቀንና ቦታ የተመዘገበባት አጭር የመጀመሪያ ሰሞን ማስታወሻ ከዓመታት በኋላ ከሚጻፍ ረጅም ትረካ ትበልጣለች። ደመወዝ የተከፈለበትንና ያልተከፈለበትን ወር መዝግቦ መያዝ ከትዝታነት አልፎ በክርክር ጊዜ ማስረጃ ይሆናል። ጥንቃቄ የሚጠይቀው ክፍልም አለ፤ የአሠሪን ቤት ምስጢር፣ የጓደኛን ስምና አድራሻ ለሌላ ሰው ዓይን ማጋለጥ በጸሐፊው ላይ ብቻ ሳይሆን በሌሎችም ላይ ጉዳት ያመጣል። ወርቅነህ ማስታወሻቸውን በሕይወት እያሉ ለአደባባይ አላወጡትም፤ ተክለሐዋርያትም የተነበቡት ካረፉ በኋላ ነው።

አብዛኛው የዘመኑ ስደተኛ ወሬውን ወደ ጭሮ፣ ወደ ገለምሶ ወይም ወደ በዴሳ የሚልከው በስልክ ድምፅ ቀድቶ ነው። ስልኩ ሲጠፋ፣ ሲነጠቅ ወይም ሲለወጥ መልእክቱም አብሮት ይጠፋል። በየቤቱ በሻንጣ ሥር የተቀመጡት የቀድሞ ደብዳቤዎች ደግሞ ብልና አይጥ እየጨረሳቸው ነው፤ ቀን የተጻፈባቸውን ለይቶ ማስቀመጥ ወይም ቅጂ ማስነሣት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።