ተጨማሪ መረጃ፦ የግዞት መዝገብና የዘር ሐረግ

እ.ኤ.አ. ከ1791 እስከ 1853 ከአየርላንድ ወደ ኒው ሳውዝ ዌልስና ወደ ዛሬዋ ታዝማኒያ በመርከብ የተጋዙ እስረኞችን የዘር ሐረግ የሚከታተል ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ይገጥመዋል፤ ዱካው ይበልጥ የጠፋው ተፈርዶበት የተጋዘው ሳይሆን በሰላም አርሶ የኖረው ጎረቤቱ ነው። በ1922፣ በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት፣ የደብሊኑ ቤተ መዛግብት ሲቃጠል ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች ከጥቂት ቅሪት በቀር ወደሙ። ከ1836 ወዲህ ያሉት የግዞት መዝገቦች ግን በደብሊን ካስል ተለይተው ይቀመጡ ስለነበር ተረፉ። በአውስትራሊያ በኩል ደግሞ ጸሐፊዎች የእስረኛውን ዕድሜ፣ ሙያ፣ ቁመትና የዓይን ቀለም፣ ጠባሳና ንቅሳቱን ሳይቀር መዝግበዋል። ለአንድ ድሃ ገበሬ ይህን ያህል ቀለም ያፈሰሰ ሌላ መሥሪያ ቤት አልነበረም።

ይህ የአሳሪው ቃል እንጂ የታሳሪው አይደለም የሚል መከራከሪያ ይነሣል፤ እውነትነትም አለው፤ መዝገቡ በግ መሰረቁን እንጂ ረሀቡን አይጽፍም። ሆኖም እስረኞችና ቤተሰቦቻቸው በአየርላንድ ለነበረው የእንግሊዝ ዘውድ እንደራሴ ያስገቧቸው የምሕረት ማመልከቻዎችም ተርፈዋል። ብዙዎቹን ሌላ ሰው ቢጽፍላቸውም የልጆቹ ብዛትና የችግሩ ልክ በግልጽ ይነበባል። ይልቅ የሚያሳስበው የስም መመሳሰል ነው፤ በአንድ አውራጃ ስንት ጆን መርፊ አለ! ስለዚህ የመርከቡ ስም፣ የተፈረደበት ቦታና ዓመቱ በሁለቱም አገሮች መዛግብት ሳይገጥም «አያታችን ይህ ነው» ማለት አይቻልም።