የአያት ወለባ የመቼ ነው?

እናቶቻችን ሹሩባቸው ላይ የሚሰኩትን ራሱ ያጌጠ የብር ዘንግ፣ ማለትም ወለባን፣ ብዙዎቻችሁ እንደምታስታውሱት አልጠራጠርም። እኔ በምኖርበት በጆሃንስበርግ አሮጌ ወርቅና ብር በግራም የሚገዙ ሱቆች ሞልተዋል። ወለባ እዚያ ሚዛን ላይ ከወጣ የሚታሰበው የብሩ ዋጋ ብቻ ነው፤ ቀጥሎም ይቀልጣል። ስለዚህ ምንነቱንና ዘመኑን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። መሐንዲስ እንደመሆኔ የማውቀውን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ በእርግጥ ብር ነው? እስከ መቶኛ ግራም በሚለይ ሚዛን መዝኑት። ከዚያም ውሃ የያዘ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ቁጥሩን ወደ ዜሮ መልሱ። ወለባውን በቀጭን ክር አንጠልጥላችሁ፣ ብርጭቆውን ሳይነካ፣ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ አጥልቁት። የመጀመሪያውን ክብደት አሁን ሚዛኑ ለሚያሳየው ቁጥር አካፍሉ። ንጹሕ ብር 10.5 ገደማ፣ የማርያ ቴሬዛ ብር 10.2 ገደማ፣ ናስ ደግሞ 8.5 ገደማ ይሰጣል። የወለባው ራስ ውስጡ ባዶ ሆኖ አየር ከያዘ ግን ውጤቱ ያሳስታል።

ዕድሜውስ? የአገራችን አንጥረኞች ለጌጥ የሚሆን ብር በብዛት የሚያገኙት የማርያ ቴሬዛን ገንዘብ አቅልጠው ነበር። አንዱ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ 83.3 በመቶው ንጹሕ ብር ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሞተች በኋላ የተመታው ሁሉ፣ ከ1935 ጀምሮ ሮም ላይ የተመታው ሳይቀር፣ ያንኑ 1780 ነው የሚያሳየው። እንግዲህ ገንዘቡ ራሱ ዕድሜውን ካልተናገረ፣ ቀልጦ ወለባ የሆነውማ ከየት አምጥቶ ይናገራል?

የጥንት ሮማውያንን የጠጉር መርፌ የሚያጠኑ አርኪዮሎጂስቶች የራሱን ቅርጽና የዘንጉን ርዝመት ያያሉ። ዋናው ምስክራቸው ግን መርፌው የተገኘበት የአፈር ንብርብርና አብሮት የወጣው ሳንቲም ወይም ሸክላ ነው። የእኛ ወለባ ግን የመጣው ከእጅ ወደ እጅ ስለሆነ ምስክሩ ቤተሰብ ነው። በለንደኑ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየም ያለው የእቴጌ ጥሩወርቅ ጌጣጌጥ ከ1868 ወዲህ የተሠራ እንዳልሆነ የምናውቀው፣ በዚያ ዓመት እንግሊዞች ከመቅደላ እንደወሰዱት ስለተመዘገበ ነው።

ስለዚህ እናት ወይም አክስት በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ደውሉ። ወለባው የማን ነበር? የት፣ ለማን ሠርግ ተሠራ? አንጥረኛው ማን ነበር? ሰክተውት የተነሡት ፎቶግራፍ አለ? ፎቶው የ1950 ከሆነ ወለባው ቢያንስ ያን ያህል ዕድሜ አለው። መልሱን ጽፋችሁ ከወለባው ጋር አስቀምጡ። ብሩን ሚዛን ዘወትር ይነግረናል፤ ዘመኑን የሚነግሩን ግን አንድ በአንድ እያለፉብን ነው።