ጎባጣ ላይ የሚረጭ ሶላር

የተለመደው የሶላር ፓነል ከሲሊከን የተሠራ ነው፤ ሲሊከን ደግሞ እንደ ልብ አይታጠፍም። ከ150 እስከ 180 ማይክሮ ሜትር በሚሆን ውፍረት ተቆርጦ፣ ከመስተዋት ሥር ገብቶ፣ በአሉሚኒየም ፍሬም ተይዞ ነው ጣራ ላይ የሚወጣው። ለቆርቆሮ ጣራ ይህ ይበቃል። የመኪና አናት፣ የሕንፃ ጉልላትና የውኃ ታንከር ግን ክብና ጎባጣ ናቸው። በመጠኑ የጎበጠ የመኪና ጣራ ላይ ሲሊከን የገጠሙ አምራቾች አሉ፤ ጉብታው ሲበረታ ግን ሲሊከኑ ይሰነጠቃል።

ለእንዲህ ያለው ገጽ ፔሮቭስካይት ወደሚባለው ቁስ ያዘነበሉ ተመራማሪዎች አሉ። ስሙ በ1839 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኡራል ተራሮች ላይ ከተገኘ ማዕድን የመጣ ነው፤ ለሶላር የሚውለው ግን በቤተ ሙከራ የሚዘጋጅና ከማዕድኑ ጋር የክሪስታል ቅርጽ ብቻ የሚጋራ ነው። በ2009 ጃፓናዊው ፕሮፌሰር ፁቶሙ ሚያሳካና ባልደረቦቹ የመጀመሪያውን የፔሮቭስካይት ሶላር ሴል ሲያቀርቡ፣ ካገኘው ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው 3.8 በመቶውን ብቻ ነበር። ዛሬ በቤተ ሙከራ የሚሠሩት ትንንሽ ሴሎች ከ26 በመቶ አልፈዋል። ብርሃን ለመያዝ የሚያስፈልገው ንጣፍ ግማሽ ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው፤ ከሲሊከኑ 300 ጊዜ ይሳሳል ማለት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በፈሳሽ ይሟሟል። የሚሟሟ ነገር ይረጫል።

አረጫጨቱ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሲቀባ ካየነው ብዙ አይርቅም። የመርጫው አፍንጫ ከጆሮ መስማት አቅም በላይ በሆነ ድምፅ ይርገበገባል፤ ፈሳሹም ወደ ጉም ተበትኖ በጋዝ ግፊት ገጹ ላይ ያርፋል። በእንግሊዝ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ሊድዜይና ቡድኑ በ2014 በዚህ መንገድ የረጩት ፔሮቭስካይት 11 በመቶ ደረሰ። በ2020 ደግሞ ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ከ19 በመቶ በላይ አገኙ።

መርጨቱስ ቀላል ነው። ፈተናው ማድረቁ ላይ ነው። ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ ቡና ሲደርቅ ጠርዙ ጠቁሮ መሐሉ ሲገረጣ ያላየ የለም። ጠርዙ ቶሎ ስለሚተን ፈሳሹ ከመሐል ወደ ዳር ይሳባል፤ የቡናውንም ብናኝ ይዞት ይሄዳል። በ1997 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ምክንያቱን ካብራሩት ወዲህ የፊዚክስ ሰዎች ራሳቸው ክስተቱን በቡና ስም ይጠሩታል። የተረጨ ፔሮቭስካይትም እንዲሁ ካደረገ ንጣፉ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል። በዚያ ላይ ቀስ ብሎ ከደረቀ ጥቂት ክሪስታሎች ብቻ ያድጉና በመካከላቸው ክፍተት ይተዋሉ። በዚያች በዓይን በማትታይ ቀዳዳ የላይኛውና የታችኛው የኤሌክትሪክ ንጣፍ ከተገናኙ ሴሉ ሾርት ያደርጋል፤ አለቀለት። መፍትሔው ከተረጨ ከሴኮንዶች በኋላ ጋዝ በኃይል ነፍቶ ክሪስታሎቹ በሁሉም ቦታ በአንድ ጊዜ እንዲበቅሉ ማድረግ ነው።

ጎባጣ ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ፈሳሹ ሳይደርቅ ወደ ታች ይንሸራተታል፤ አፍንጫው ከገጹ ጋር ያለው ርቀትና ማዕዘን በየቦታው ይለያያል። የሼፊልዱ ቡድን በ2022 ባሳተመው ጥናት ጎባጣ መስተዋት ላይ ያገኘው ከፍተኛ ውጤት 9.4 በመቶ ነው። ከጠፍጣፋው ሲነጻጸር ግማሽ ያህሉ ነው፤ እኔ ግን አልናቅሁትም። ያለ ማጣበቂያ፣ ያለ ማጠፍ ጎባጣ ላይ እንደሚሠራ አሳይቷል።

ንጣፉ ቢያምርም ሌላ ጣጣ አለ። የጎባጣ ነገር አንዱ ጎን ፀሐይን ሲያይ ሌላው ጥላ ነው። በተከታታይ የተያያዙ ሴሎች ደግሞ የሚያሳልፉት ጅረት ደካማው ከሚሰጠው አይበልጥም። ስለዚህ ብርሃን በእኩል የሚያገኙትን ለይቶ ማገናኘት የግድ ይሆናል። ይህ የኬሚስት ሳይሆን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሥራ ነው፤ በጋለ ዜናዎች ውስጥ ግን ብዙም አይነሳም።

ጥቅሙንስ እናስላው። ሁለት ካሬ ሜትር የመኪና ጣራ፣ ጠራራ ፀሐይ በካሬ ሜትር 1,000 ዋት፣ 20 በመቶ የሚለውጥ ሴል፤ ይህ 400 ዋት ይሆናል። ለአምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪናን 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ በከለከለችው ኢትዮጵያ፣ ቀኑን ሙሉ መሥሪያ ቤት በር ላይ ፀሐይ ለምትመታት መኪና ይህ አይናቅም። ቻርጀር ግን አይተካም።

ወደ ገበያ እንዳይወጣ የሚያዘገዩት ደግሞ ሌሎች ችግሮች ናቸው። ፔሮቭስካይት እርጥበት ያበላሸዋል፤ የሲሊከን ፓነል 25 ዓመት ዋስትና በሚያገኝበት ገበያ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ጥሩ ውጤት የሚሰጡት ዓይነቶች እርሳስ አለባቸው፤ መጠኑ ጥቂት ቢሆንም መርዝ ነውና በደንብ መታሸግ አለበት። እንደ ተራ ቀለም በአንድ ቅብ የሚያልቅ ሥራም አይደለም፤ ከላይና ከታች ጅረቱን የሚሰበስቡ ንጣፎች ያስፈልጉታል። እናም አንድ ሰው በጣሳ የታሸገ «ሶላር ቀለም» ልሽጥልዎ ቢል፣ ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት ሽቦው የት እንደሚገናኝና ስንት ዓመት ዋስትና እንደሚሰጥ ይጠይቁት።