ሳይጮህ የሚበላሽ ትምህርት

«የቴክኒክ ዕውቀት ግማሽ ዕድሜው 2 ዓመት ተኩል ብቻ ነው» የሚል ወሬ በዜናም በማኅበራዊ ሚዲያም ሳይሰለች ይዞራል። አብሮት የሚመጣው ምክር ደግሞ «ከዓመት በላይ የቆየ የኦንላይን ኮርስ አትጀምሩ» የሚል ነው። ቁጥሩ ምን ተለክቶ እንደተገኘ የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ግማሽ ዕድሜ ከኑክሌር ፊዚክስ የተወሰደ መለኪያ ነው። እዚያ የሚሠራው አንድ ዓይነት አተሞች የመፍረስ ዕድላቸው እኩል ስለሆነ፣ የአንዱ መፍረስም ሌላውን ስለማይነካ ነው፤ ካርቦን 14 በ5,730 ዓመት በግማሽ የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው። የአንድ ኮርስ ክፍሎች ግን እኩል አይደሉም፣ እርስ በርስም የተሳሰሩ ናቸው። ሕክምናን ብንወስድ፣ በ2002 የታተመ አንድ ጥናት (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ስለ ሄፓታይተስና ሲሮሲስ ከ1945 እስከ 1999 የወጡ ድምዳሜዎችን መርምሮ የእውነታቸው ግማሽ ዕድሜ 45 ዓመት ነው አለ። በ2007 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ 100 የጥናት ክለሳዎችን ተከታትሎ ግማሾቹ በ5 ዓመት ተኩል ውስጥ መታደስ እንደሚያሻቸው አገኘ። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ የለካው ድምዳሜ እውነት ሆኖ የሚቆይበትን ዘመን ነው፣ ሌላው የለካው አዲስ መረጃ እስኪጨመርበት ያለውን ጊዜ ነው። በአንድ ሙያ ውስጥ እንዲህ የተራራቀ መልስ የሚሰጥ መለኪያ ለሁሉም ኮርስ አንድ የመጠቀሚያ ማብቂያ ቀን ሊቆርጥ አይችልም።

አንድሩ ኤንግ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2011 በኦንላይን በነፃ የከፈተውን የማሽን ለርኒንግ ኮርስ እንይ። ከ100,000 በላይ ሰው ተመዘገበበት። ልምምዱ ኦክታቭ በተባለ ፕሮግራም የሚሠራ ነበር፤ በ2022 እንደ አዲስ ሲዘጋጅ ወደ ፓይተን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ዞረ። የኮርሱ አከርካሪ ግን ግራዲየንት ዲሰንት ነው፤ ስሕተትን ደረጃ በደረጃ እየቀነሱ ወደ ተሻለ መልስ የሚጠጉበት ስልት ማለት ነው። ይህን ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮሺ በ1847 ያቀረበው ሲሆን ዛሬ ግዙፎቹ የቋንቋ ሞዴሎች የሚሠለጥኑት በዚሁ ስልት ዝርያዎች ነው። የጭቃ ቤት ምርጊት ስለተሰነጠቀ ቋሚውና ማገሩ ይነቀል የሚል ባለቤት የለም፤ «ኮርሱ አረጀ» የሚለው ፍርድ ግን በአብዛኛው የሚሰጠው ምርጊቱን ብቻ አይቶ ነው።

ታዲያ ምርጊቱ እንዴት ይሰነጠቃል? ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። የፕሮግራሚንግ ትምህርት ብቻውን አይቆምም፤ ሌሎች ሰዎች በሚቀያይሩት ቋንቋ፣ ላይብረሪ በሚባል ዝግጁ የኮድ ስብስብና ዳታ ላይ ተደግፎ ነው የሚቆመው። ድጋፉ ሲነሳ ሁለት ዓይነት ብልሽት ይመጣል፤ የሚጮህና ዝም የሚል። በፓይተን 2 ውጤትን የሚያሳየው ፕሪንት የተባለ ትእዛዝ ያለ ቅንፍ ይጻፍ ነበር። በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ቅንፍ ግድ ስላደረገ የድሮው መስመር ወዲያው ኤረር ያወጣል። ተማሪው ይበሳጫል፣ ፈልጎ ያስተካክላል፣ ያልፋል። በዚያው ለውጥ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ 3ን ለ2 ማካፈል በፓይተን 2 መልሱ 1 ሲሆን በፓይተን 3 ደግሞ 1.5 ነው። ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ፕሮግራሙ በሰላም ይሠራል፤ መልሱ ብቻ አስተማሪው ካለው ይለያል። ጀማሪ ተማሪ ደግሞ ጥፋቱን ከኮርሱ ሳይሆን ከራሱ ነው የሚፈልገው። በማሽን ለርኒንግ ላይብረሪዎችም ይኸው ነው። ሳይኪት ለርን የተባለው ላይብረሪ በ2019 መጨረሻ ባወጣው ቨርዥን፣ ተማሪው ቁጥር ካልሰጠ ራንደም ፎረስት የተባለው ስልት የሚያበቅላቸው የውሳኔ ዛፎች ከ10 ወደ 100 ከፍ አሉ። ቀደም ባሉት ቨርዥኖች ማስጠንቀቂያ ያሳይ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ተማሪ ግን ከቪዲዮው የተለየ ውጤት እያየ ምክንያቱን የሚነግረው የለም። በአንጻሩ በስንትና ስንት ኮርሶች መለማመጃ የነበረው የቦስተን ቤቶች ዋጋ ዳታ በዘር ላይ የተመሠረተ አምድ ስለነበረበት በ2022 ከዚሁ ላይብረሪ ሲወጣ ብልሽቱ የሚጮህ ነበር፤ ትምህርቱ አዲሱ ቨርዥን በተጫነበት ቀን ቆመ፣ አስተማሪዎችም ሌላ ዳታ ተኩ። የችግሩን ስፋት በ2019 የቀረበ አንድ ጥናት ያሳያል። ጊትሀብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ከተቀመጡ 1.4 ሚሊዮን ያህል የጁፒተር ኖትቡኮች (ኮድና ማብራሪያ አብረው የሚቀመጡባቸው ሰነዶች) ውስጥ እንደገና ለማስኬድ ከተሞከሩት ያለ ኤረር የጨረሱት 24 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ የመጀመሪያውን ውጤት ደግመው የሰጡት 4 ከመቶ ያህል ብቻ ናቸው። ሁሉም የማስተማሪያ ጽሑፎች እንዳልነበሩ ልብ ይሏል። ቢሆንም በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ክፍተት ውስጥ ነው ዝምተኛው ብልሽት የሚደበቀው። ስለዚህ ብዙዎች መፍትሔ አድርገው የሚያቀርቡት፣ የኮርሱን ኮድ በየሳምንቱ በራሱ እንዲሄድ ማድረግ፣ ጯሂውን ብቻ ይይዛል። ዝምተኛውን ለመያዝ የሚጠበቀው መልስ አብሮ ተጽፎ ከአዲሱ ውጤት ጋር መመሳከር አለበት።

«ቨርዥኑን ቆልፎ ማስቀመጥ ይቀላል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ቁልፉ ልምምዱን ያድናል፤ ዓመታት ሲያልፉ ግን ተማሪው ሥራ ቦታ የማያገኘውን መሣሪያ ይዞ ይወጣል፣ የደኅንነት ጥገናም አይደርሰውም። የፓይተን 2 ድጋፍ በ2020 መግቢያ ላይ ሲቆም የሆነው ይኸው ነው። «ታዲያ በየዓመቱ ሁሉንም እንደገና እንቅረጸው» የሚለው ደግሞ ገንዘብ ከማባከኑም በላይ በተጠቃሚዎች ጥያቄ ተፈትኖ የጠራውን ትምህርት ባልተፈተነ ይተካል። የሚሻለው የሚለዋወጠውን ክፍል ለብቻው ቆርጦ ማስቀመጥ ነው፤ ሐሳቡ በአንድ ቪዲዮ፣ የመሣሪያው አጠቃቀም በሌላ አጭር ቪዲዮ ወይም በጽሑፍ። ኤድኤክስ በተባለው የኦንላይን ኮርሶች መድረክ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ እይታዎችን የመረመረ የ2014 ጥናት ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም የተመልካቾች መካከለኛ የቆይታ ጊዜ ከ6 ደቂቃ እንደማያልፍ አግኝቷል። አጭር ቪዲዮ የተመከረው ለተማሪው ትኩረት ተብሎ ነበር፤ ለእድሳትም ይጠቅማል፣ የ5 ደቂቃ ቁራጭ ሲተካ የተቀረው አይነካምና።

ይህ ሙግት የሚላላበት ቦታ አለ፣ እርሱም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ትምህርት ራሱ ነው። ቋሚው የትኛው፣ ምርጊቱ የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው። በ1997 የቀረበው ኤልኤስቲኤም የተባለ ኔትወርክ ለቋንቋ ሥራ መሠረት ተደርጎ በኮርሶች ውስጥ ሳምንታት ሲሰጡት ቆይቷል፤ በ2017 ትራንስፎርመር የተባለ ሌላ ኔትወርክ ሲመጣ ቦታውን ለቀቀ። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ፣ ቻትጂፒቲ ከወጣ በኋላ፣ የበዙት «ጥያቄን እንዴት መጻፍ ይቻላል» የሚሉ ኮርሶች ደግሞ በአመዛኙ የአንድ ምርት የዛሬ ጠባይ መግለጫ ናቸው፤ ለእነርሱ የወሬው 2 ዓመት ተኩል እንኳ ረጅም ሊሆን ይችላል። ኤልኤስቲኤምን የተማረ ሰው ጊዜውን አባከነ ማለት ግን ያስቸግራል፤ ትራንስፎርመርም የሚሠለጥነው እንደ ኤልኤስቲኤም ስሕተትን ወደ ኋላ እየመለሱ በማረም ስልት ነውና።

ጉዳዩ እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ ይነካናል። በ2024 ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ብዙ ወጣቶችን ወደ ኦንላይን ኮርስ አስገብቷል፤ የተመዘገበውን ሰው ብዛት ከመቁጠር ባልተናነሰ ልምምዶቹ መቼ ተፈተኑ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአማርኛ የሚተረጎሙ ኮርሶች ደግሞ የሚደገፉበት አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ የትርጉም ጽሑፉ። የእንግሊዝኛው ቪዲዮ ሲታደስ የአማርኛው የትርጉም ጽሑፍ እዚያው ይቀራል፤ ተማሪው በስክሪኑ አዲሱን መስመር እያየ ከሥር የድሮውን ያነባል፣ ኤረር የሚያወጣለትም የለም። ስለዚህ በኮርሱ ገጽ ላይ «አዲስ» ከሚል ምልክት ይልቅ ሦስት ነገሮች ቢጻፉ ይሻላል፤ ልምምዱ በየትኛው ቨርዥን እንደሄደ፣ መልሱ መጨረሻ የተመሳከረበት ቀን፣ የአማርኛው ጽሑፍ የተዘጋጀበት ቀን።