የቢላ ሞረድ አመራረጥ

ሞረድ ማለት የደነዘ ስለትን እየፋቀ እንደገና ስል የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ከድንጋይ፣ ከብረት፣ ከሴራሚክ ወይም በአልማዝ ብናኝ ከተለበጠ ብረት ይሠራል። በአዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ከመሳለሚያ እስከ ምናለሽ ተራ ባለው የመርካቶ አካባቢ ቢላውም ሞረዱም በአንድ ገበያ ስለሚገኙ፣ ገዢው የሚቸገረው ሞረድ በማጣት ሳይሆን ከብዙው አንዱን በመምረጥ ነው። እጅግ ስል የሆነ ቢላ የሚገኘው በሞረዱ ውድነት አይደለም። ለቢላው ብረት የሚስማማ ሞረድ፣ የማይለዋወጥ ማዕዘን፣ እንዲሁም በመጨረሻ በጠርዙ ላይ የሚቀረውን ቅልብስ ማስወገድ ያስፈልጋል።

ስያሜ

በአማርኛ «ሳለ» ከሚለው ግስ «ስለት»፣ «ስል»፣ «ስለታም» እና «መሳያ» የሚሉት ቃላት ይወጣሉ። «ሞረደ» በሞረድ ፋቀ፣ ሳለ ማለት ነው። ሁለት ቢላዎችን እርስ በርስ እያሻሹ መሳል «ማፋጨት» ይባላል። ስለቱን ያጣ ቢላ ደግሞ «ደነዘ» ወይም «ዶለዶመ» ይባላል። «ሞረድ» የሚለው ስም ጥርስ ላለው የብረት ሞረድም ለመሳያ ድንጋይም ስለሚያገለግል፣ ገዢ የሚፈልገውን ለይቶ መጠየቅ ይኖርበታል። ጥርስ ያለው የብረት ሞረድ ለመጥረቢያና ለገጀራ ይሆናል፤ የወጥ ቤት ቢላን ግን ጠርዙን ይቦጭቀዋል።

ስለት ምንድን ነው?

ስለት የቢላው ሁለት ዘመም ያሉ ጎኖች የሚገናኙበት መስመር ነው። መስመሩ በቀጠነ መጠን የእጅ ኃይል በጠባብ ቦታ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ግፊቱ ይጨምራል፣ ቢላውም በትንሽ ጉልበት ይቆርጣል። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው (1 ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)። በሚገባ የተሳለ ጠርዝ ግን ከ1 ማይክሮን በታች ሊቀጥን ይችላል።

ቢላ የሚደነዝበት መንገድ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ጠርዙ ወደ አንድ ጎን ሲታጠፍ ነው፤ ብረቱ አለ፣ ነገር ግን አቅጣጫውን ስቷል። ሁለተኛው ጠርዙ ተፍቆ ሲያልቅና ሲዶለዱም ነው፤ በዚህ ጊዜ ከሁለቱም ጎን ብረት ካልተነሳ ስለት አይመለስም። የታጠፈን ጠርዝ ማቅናት ለብረት ዘንግ ሥራ ነው፤ የዶለዶመን ጠርዝ እንደገና ማውጣት የድንጋይ ሥራ ነው። «ብሞርደውም አልሳል አለኝ» የሚባለው ብዙውን ጊዜ አንዱ መሣሪያ የሌላውን ሥራ እንዲሠራ ሲጠበቅ ነው።

ከብረት በፊት የነበረው ስለት የድንጋይ ነበር። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው መልካ ቁንጡሬና በአጠገቡ ባለው ባልጪት፣ ከባልጩት ድንጋይ የተሠሩ እጅግ ጥንታዊ መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ ሥፍራውም በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ባልጩት ሲሰበር የሚያወጣው ጠርዝ ከብረት ምላጭ ሊቀጥን ይችላል፤ ነገር ግን በቀላሉ ይሸራረፋል። ሲደነዝም ጠርዙን በትንሽ በትንሹ በመስበር ይታደሳል። በኮንሶ ቆዳ የሚያለፉ ሴቶች የድንጋይ መፋቂያቸውን የሚያድሱት በዚሁ መንገድ ነው። ብረት እንዲህ አይሰበርም፤ ስለዚህ ከእርሱ በሚጠነክር ነገር መፋቅ አለበት።

የመሳያ ዓይነቶች

መሳያዎች የሚለያዩት በሚፍቁበት ነገር ጥንካሬና በሚያነሱት የብረት መጠን ነው። በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ ኳርትዝ 7፣ አሉሚኒየም ኦክሳይድ 9፣ ሲሊከን ካርባይድ ከ9 ጥቂት በላይ፣ አልማዝ ደግሞ 10 ነው።

የተፈጥሮ ድንጋይ፦ በአብዛኛው በውስጡ ባለው ኳርትዝ ይፍቃል። ቀስ ብሎ ይሠራል፤ ደቃቅ የሆነው ጥሩ ማለስለሻ ነው። በቤት ደጃፍ ላይ የሚገኝ ማንኛውም ድንጋይ ግን ቅንጣቶቹ እኩል ስላልሆኑ ጠርዙን ይጭራል።

ሰው ሠራሽ ድንጋይ፦ ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ወይም ከሲሊከን ካርባይድ ይሠራል። ሲሊከን ካርባይድን እ.ኤ.አ. በ1891 አሜሪካዊው ኤድዋርድ አቼሰን «ካርቦረንደም» ብሎ ሰየመው። አንዱ ገጹ ሻካራ፣ ሌላው ደቃቅ የሆነው ባለ ሁለት ገጽ ድንጋይ ለቤት የሚበቃ ዋና መሣሪያ ነው።

የአልማዝ ሞረድ፦ የአልማዝ ብናኝ የተለበጠበት ጠፍጣፋ ብረት ነው። ፈጥኖ ይፍቃል፣ ገጹም አይጎደጉድም። ተጫኖ መሞረድ ግን ብናኙን ያረግፈዋል።

የብረት ዘንግ፦ ሥጋ ቆራጮች በሥራ መሐል ቢላቸውን የሚያሻሹበት ነው። የታጠፈን ጠርዝ ያቀናል እንጂ የዶለዶመን አያወጣም። ሁለት ቢላ ማፋጨትም በመጠኑ ይህንኑ ይሠራል፤ ነገር ግን ማዕዘኑ ስለማይጠበቅ አንዱ ሌላውን ሊሸርፈው ይችላል።

የሴራሚክ ዘንግ፦ ከብረት ዘንጉ በተለየ ጥቂት ብረት ያነሳል። ያልተለበጠው የሸክላ ስኒ ቂጥም በችግር ጊዜ ይህን ሥራ ይሠራል።

የሚጎተት መሳያ፦ ቢላው በሁለት ዘመም ባሉ ምላጮች መካከል የሚጎተትበት ትንሽ መሣሪያ ነው። ፈጣንና ቀላል ነው፤ ሆኖም ማዕዘኑ አይቀየርም፣ ጠርዙንም ቦጫጭቆ ይተወዋል። እጅግ ስል ቢላ ለሚፈልግ አይመከርም።

በኤሌክትሪክ የሚዞር ድንጋይ፦ የተሸረፈን ቢላ ወይም ገጀራን ለማስተካከል ይረዳል፤ አደጋው ሙቀት ነው። የቢላ ብረት ከተጠነከረ በኋላ ብዙውን ጊዜ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሞቃል። በሚዞር ድንጋይ ላይ ከዚያ በላይ ከጋለ ጥንካሬውን ያጣል። ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ 300 ዲግሪ ገደማ ደርሷል ማለት ነው፤ ያ ክፍል ተፍቆ ካልተወገደ በስተቀር ስለት አይዝም። ስለዚህ የሚያስሞርድ ሰው ቢላው በየጊዜው ውሃ ውስጥ እየተነከረ መሞረዱን ማየት አለበት።

ጠፍር፦ በጣውላ ላይ የተለጠፈ ወይም የተወጠረ ቆዳ ነው። ፀጉር አስተካካዮች ምላጭ የሚያሻሹበት ይህ ነው። የመጨረሻውን ቅልብስ ያስወግዳል፣ ጠርዙንም ያለሰልሳል። አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ይበቃል።

ቢላውን ማወቅ

ሞረድ ከመምረጥ በፊት የሚሳለውን ቢላ ማወቅ ይገባል። የቢላ ብረት ጥንካሬ በሮክዌል ይለካል። የተለመዱ የአውሮፓ የወጥ ቤት ቢላዎች ከ56 እስከ 58 ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ የጃፓን ቢላዎች 60 እና ከዚያ በላይ ናቸው። ርካሽ የማይዝግ ቢላ ከዚህ ሁሉ ሊያንስ ይችላል። ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የሚሠራ ቢላ ደግሞ 0.6 በመቶ ገደማ ካርቦን ካለው ብረት የተገኘ ስለሆነ፣ ቀጥቃጩ በአግባቡ ካጠነከረው ጥሩ ስለት ይይዛል፤ ካልደረቀ ግን ይዝጋል።

ጥንካሬውን በግምት ለማወቅ በመያዣው አጠገብ፣ በማይቆርጠው የጠርዝ ክፍል ላይ የብረት ሞረድ ጫፍ በቀስታ ይሞከራል። ሞረዱ በቀላሉ ከነከሰው ብረቱ ጥንካሬ ይጎድለዋል፤ ከተንሸራተተ ጠንካራ ነው። ጥንካሬ ለሚጎድለው ቢላ 1000 ቁጥር ድንጋይና ጠፍር በቂ ናቸው፤ ከዚያ በላይ የደቀቀ ድንጋይ የሚሰጠው ስለት ጥቂት እንደቆረጠ ይጠፋል። ጠንካራ ቢላ ግን የብረት ዘንግ አይስማማውም፤ ሊሸረፍ ይችላል።

የድንጋይ ቁጥር

በድንጋይ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የቅንጣቶቹን ድቀት ያመለክታል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቅንጣቱ ይደቅቃል። ከ200 እስከ 400 የተሸረፈን ለመጠገን፣ ከ800 እስከ 1000 የዶለዶመን ለመሳል፣ ከ3000 እስከ 6000 ለማለስለስ ያገለግላል። የጃፓን 1000 ቁጥር ድንጋይ ቅንጣት 15 ማይክሮን ገደማ ነው። የየአገሩ መለኪያ ስለሚለያይ ሁለት ድንጋዮችን በቁጥር ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። ቁጥር ያልተጻፈበት ድንጋይ በአውራ ጣት ጥፍር ይፈተሻል፦ ጥፍርን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ከላገው ሻካራ ነው፤ ለስለስ ብሎ ካደበዘዘው ደቃቅ ነው።

ከፍተኛ ቁጥር ሁልጊዜ የተሻለ ቆራጭነት አይሰጥም። ቲማቲምና የቁርጥ ሥጋ እየተጎተቱ ስለሚቆረጡ 1000 ቁጥር የሚተወው ጥቃቅን ጥርስ ይጠቅማቸዋል። ለመላጨት ግን ጥርስ የሌለው ለስላሳ ጠርዝ ያስፈልጋል።

ማዕዘን

ቀጭን የጃፓን ቢላ በየጎኑ 15 ዲግሪ፣ የተለመደ የወጥ ቤት ቢላ 20 ዲግሪ፣ አጥንት መከስከሻና መጥረቢያ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይሳላሉ። ማዕዘኑን ያለ መለኪያ ለማግኘት የቢላው ጀርባ ከድንጋዩ የሚነሳበትን ከፍታ ማስላት ይቻላል። ከጀርባ እስከ ስለት 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ቢላ፣ ለ15 ዲግሪ ጀርባው 1 ሳንቲ ሜትር፣ ለ20 ዲግሪ 1.4 ሳንቲ ሜትር ይነሳል። 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ላለው ትንሽ ቢላ ከፍታው 0.65 እና 0.85 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ዋናው ነገር ከፍታው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለመለዋወጡ ነው፤ እጅ ሲወዛወዝ ጠርዙ ይዶለዱማል።

አሳሳል

ድንጋዩ እርጥብ ጨርቅ ላይ ተቀምጦ እንዳይንሸራተት ይደረጋል፣ ገጹም ይረጥባል። የአንዱ ጎን ማዕዘን ተጠብቆ ከመያዣው እስከ ጫፍ ይሳላል። በሌላው ጎን ላይ ቅልብስ፣ ማለትም የታጠፈ እጅግ ቀጭን ብረት፣ እስኪወጣ ድረስ ጎኑ አይቀየርም። ቅልብሱ ጣትን ከቢላው ጀርባ ወደ ስለቱ አቅጣጫ፣ ከስለቱ ተሻግሮ በቀስታ በማንሸራተት ይታወቃል፤ ጣት በስለቱ ርዝመት መሄድ የለበትም። ቅልብስ በሙሉ ርዝመቱ ከወጣ ጎኖቹ ጠርዙ ድረስ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ከዚያ ሌላው ጎን በተመሳሳይ ይሳላል፣ ወደ ደቃቁ ገጽ ይዛወራል፣ የእጁም ጫና እየቀነሰ ይሄዳል። በመጨረሻ ቢላው ስለቱ ወደ ኋላ ሆኖ በጠፍር ላይ ይጎተታል፤ ወደ ፊት ከተገፋ ቆዳውን ይቆርጠዋል።

ቅልብሱ ያልተወገደለት ቢላ በመጀመሪያው ቀን እጅግ ስል ይመስላል፣ ጥቂት እንደቆረጠ ግን ይደነዝዛል። በሞረዱ ላይ የሚነሳው ቅሬታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ የሚመጣ ነው።

ስለቱን ለመፈተን ወረቀት በአንድ እጅ ተንጠልጥሎ ይቆረጣል፤ የሚነክስበት ቦታ ገና አልተሳለም። በመብራት ሥር ስለቱ ወደ ላይ ሲያዝ የሚያብረቀርቅ ነጥብ ከታየ፣ ያ ነጥብ ብርሃን የሚመልስ ስፋት ስላለው ዶልዱሟል ማለት ነው።

ሲገዛ የሚታዩ ነገሮች

ድንጋይ የሚገዛ ሰው ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለውን ቢመርጥ ማዕዘን ለመጠበቅ ይቀለዋል። የድንጋዩ ገጽ ቀጥ ያለ መሆኑ በማስመሪያ ጠርዝ ይታያል፤ በመካከሉ ብርሃን ካሳለፈ ጎድጉዷል። ድንጋዩ ሲቆረቆር ጥርት ያለ ድምፅ ካልሰጠ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል። ለውሃ የተሠራ ድንጋይ ዘይት ከነካው ቀዳዳዎቹ ስለሚደፈኑ ከሻጩ በምን እንደሚሠራ መጠየቅ ያስፈልጋል። በአጠቃቀም የጎደጎደ ድንጋይ በመስታወት ላይ በተነጠፈ እርጥብ ብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ይስተካከላል።

አንድ ብቻ ለሚገዛ ቤተሰብ ባለ ሁለት ገጽ ድንጋይ ይቀድማል፤ የቆዳ ጠፍሩን ከአሮጌ ቀበቶ መሥራት ይቻላል። ቀኑን ሙሉ ለሚቆርጥ ሥጋ ቤት የብረት ዘንግ ይጨመራል።

ጠቀሜታና ጥንቃቄ

ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካና ለአረፋ በብዙ ቤቶች እርድ ስለሚኖር ቢላ ቀደም ብሎ ማሳል የተለመደ ነው። በእስልምና ሥርዓት እንስሳው እንዳይሠቃይ ቢላው አስቀድሞ መሳል አለበት፤ በእንስሳው ፊት መሳልም ይነቀፋል። የዶሮን አሥራ ሁለት ብልት ከመገጣጠሚያው ለማውጣትም አጥንት ሳይሰብር የሚገባ ስለት ያስፈልጋል። የደነዘ ቢላ ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ ከሚቆረጠው ነገር ላይ ተንሸራቶ እጅን ሊወጋ ይችላል።

እጅግ የተሳለ ቢላ ለአጥንት መከስከሻ አይሆንም፤ ለዚያ ሰፊ ማዕዘን ያለው ሌላ መሣሪያ ይያዛል። በሳህን፣ በመስታወት ወይም በድንጋይ ላይ መቁረጥ ስለቱን በአንድ ጊዜ ሊያጠፋው ስለሚችል የእንጨት መክተፊያ ይመረጣል። ሽንኩርትና ሎሚ የቆረጠ ባለ ካርቦን ቢላ ወዲያው ታጥቦ ይደርቃል። ከተሳለ በኋላ ስለቱና ድንጋዩ ላይ የሚቀረው የብረት ብናኝ ምግብ ከመነካቱ በፊት መታጠብ አለበት።