ተራራው ያሳጠረው ውድድር

ከዳውንታውን ዴንቨር ወይም ከአውሮራ በሀይዌይ 25 ወደ ደቡብ የሚነዳ ሁሉ የፓይክስ ፒክን ተራራ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1916 የተጀመረው የመኪና እሽቅድድም 20 ኪሎ ሜትር ሽቅብ ነው፤ 156 መታጠፊያ አለው፤ ጫፉ 4,302 ሜትር ይደርሳል። (የእኛ ራስ ደጀን ግን ይበልጠዋል!) ተመልካች መንገዱ ሳይዘጋ በሌሊት ካልወጣ አያይም፤ ከወጣም ውድድሩ ሳያልቅ መውረድ የለም።

ጁን 27 ቀን 2021 ታች ከተማው ሰመር ሆኖ ሳለ ላይ ጫፉን በረዶ ያዘው። አዘጋጆቹ መጨረሻውን ወደ ዴቭልስ ፕሌይግራውንድ ዝቅ አደረጉት። እንግሊዛዊው ሮቢን ሹት በ5 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ አሸነፈ። ይህ ሰዓት ግን ፈረንሳዊው ሮማን ዱማ በ2018 በኤሌክትሪክ መኪና ካስመዘገበው 7 ደቂቃ ከ57 ሴኮንድ ጋር አይነጻጸርም፤ መንገዱ ሙሉ አይደለማ! ክብረ ወሰን ሲሰበር ለማየት እንቅልፉን አጥቶ የወጣ ሰው ቢናደድ አይፈረድበትም። ገደሉን ያየ ግን አዘጋጆቹንም አይወቅስም።