ጨው የሚመሰክርበት መለኪያ
ከትምባሆ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚሠራው ሲጋር ከ65 እስከ 70 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ባለው ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። አየሩ እጅግ ከደረቀ ቅጠሉ ይሰነጠቃል፤ እጅግ ከረጠበ ደግሞ ይሻግታል። ታዲያ እርጥበቱን የሚለካው ሃይግሮሜትር ራሱ ቢሳሳት በምን እናውቃለን?

ፈታኙ ተራ የገበታ ጨው ነው። በሥሩ ያልሟሟ ጨው ያለበት የጠገበ ሙሙት በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ፣ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የአየሩን እርጥበት 75 በመቶ ላይ ያጸናዋል። አየሩ ከዚህ ሲረጥብ ሙሙቱ ተኑን ይስባል፤ ሲደርቅም ከሙሙቱ ውሃ ይተንና ትርፉ ጨው ይረጋል።

በመሆኑም ጥቂት ጨው በጠርሙስ ክዳን አድርገን፣ እርጥብ አሸዋ እስኪመስል ድረስ ውሃ እናንጠባጥብበታለን። ከዚያም ከመለኪያው ጋር ሳናነካካ አየር በማያስገባ ግልጽ ዕቃ ዘግተን፣ ሙቀቱ በማይለዋወጥበት ስፍራ ለ24 ሰዓት እናቆየዋለን። ዕቃውን ሳንከፍት ስናነብ 71 ቢያሳይ፣ መለኪያው 4 ያጎድላል ማለት ነው፤ በሣጥኑ ውስጥ 70 ሲል እውነተኛው እርጥበት ወደ 74 ይጠጋል፤ ሻጋታም ያሰጋል። ስለዚህ በንባቡ ላይ 4 እንደምራለን፤ ማስተካከያ ብሎን ካለውም በዚያው እናርመዋለን።

ይህ እርማት የሚታመነው ግን በ75 አካባቢ ብቻ ነው። ለደረቅ አየር፣ እርጥበቱን 33 በመቶ ገደማ የሚያጸናው የማግኒዥየም ክሎራይድ ሙሙት ሁለተኛ ምስክር ይሆነናል።